ከምእመናን የተረፈኝ ባል

ማክሰኞ ማታ

ከሐኪም ቤት ተመለስን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን ያያል። «ከእንግዲህ መመላለሱ ያደክማቸዋል፤ ቤታቸው ይረፉ። የሚወዱትን ይብሉ፣ የሚወዱትን ሰው ይዩ» አለ። የሕመም ማስታገሻውን ጨመረለት፤ ሌላውን መድኃኒት ሁሉ አቆመው። መድኃኒት የሚቆመው ሰው ሲሻለው ነው። ደስ አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ባሌ «አንቺ ሴት፣ ሐኪሙ ያለውን ሰማሽው?» አለኝ።

«ሰማሁ እንጂ! ዕረፍት ነው ያለው። እኔ ስንት ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩትን እኮ ነው።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የክረምቱ ዝናብ ገና መጀመሩ ነው። ሲያባራ ይነሳል። ባሌን አውቀዋለሁ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት የማወራው ሰው ስለሌለኝ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ የሱ ምእመን ነው። ለማንም ምንም ብተነፍስ ዞሮ ዞሮ እሱው ጆሮ ይገባል፤ ያውም በጸሎት ርእስ መልክ።

ሐሙስ

ጠያቂ፣ ጠያቂ፣ ጠያቂ። ዲያቆናቱ። መዘምራኑ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች። አንዷ አልጋው ሥር ተንበርክካ «አባቴ፣ አባቴ» ትላለች። አባቷን አውቀዋለሁ፤ በሕይወት አለ፤ ጫማ ይሸጣል።

አንዱ ዲያቆን ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ «አይዞዎት፣ መጋቢ የሁላችንም ናቸው» አለኝ። እሱንማ መች አጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ትርፍ ወንበሮቹን ጓዳ ከተትኳቸው። መቀመጫ ያጣ ሰው ቶሎ ይሰናበታል። ሠርቷል። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ነገም እከታቸዋለሁ።

እሑድ ማታ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። በሱ ቦታ ወጣቱ መጋቢ ሰበከ፤ ስብከቱን በስልክ ከፍተውለት ትራስ ተደግፎ ሰማ። ሲያልቅ «ጎበዝ ነው። ሲጮህ ግን ሐሳቡ ይጠፋበታል» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። እኔ ደግሞ ስሰማ የቆየሁት ስብከቱን ሳይሆን ከኋላ የሚሰማውን የሕዝቡን «አሜን» ነበር። ያንን ድምፅ መስማት ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም ስሰማው እቆጣለሁ።

ስንተዋወቅ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የምሳፈረው በሱ መኪና ነው። መሪ ይዞ ይዘምራል፤ ድምፁ የፈነዳ ጎማ ነው። ተሳፋሪው ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። በኋላ ማሳያው መስታወት አይቶኝ ሲስቅ፣ ያ ሳቅ የኔ ብቻ መስሎኝ አገባሁት።

በሠርጋችን ቀን ምግብ እየቀረበ ሰው መጣና ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። ያኔ ሹፌርነቱን ሳይተው ማገልገል ጀምሯል፤ አንድ ሽማግሌ ታመው ጠርተውታል። «አሁን መጣሁ» ብሎኝ ሄደ። እንግዶቹ ሲበተኑ ተመለሰ። ልጃችን ስትወለድም ሰው እያጠመቀ ነበር፤ ፀጉሩ ሳይደርቅ መጥቶ ነው ያቀፋት።

ቤተ ክርስቲያኗን የጀመሯት በተለቀቀ ጋራዥ ውስጥ ነው። እኛ ባፕቲስቶች ስናጠምቅ ሰውየውን እናጠልቀዋለን፤ ገንዳ ያስፈልጋል። ባሌ መካኒኮች መኪና ሥር የሚገቡበትን ጉድጓድ በገዛ እጁ በሲሚንቶ ለሰነና ገንዳ አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች ዘይት ዘይት እየሸተቱ ነው ከኃጢአት የነጹት። አሁን ትልቅ አዳራሽ አላቸው። «አላቸው» እላለሁ፤ «አለን» ማለት አፌ ላይ አይመጣም።

ስንቱ ባልና ሚስት ሳሎናችን ተቀምጦ ታርቋል! እኔና እሱ ግን ተጣልተን አናውቅም። ለመጣላትም ጊዜ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ

ጠዋት «ልብስ ሰፊዋን ጥሪልኝ» አለኝ።

«የቷን ልብስ ሰፊ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

መርፌዋ ነው የምላት፣ ለራሴ። ቀጭን ናት፤ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ትወጋለች። ባሏ ረጅም ጊዜ ታሞ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ሲያሻት ነው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙሩ ሳያልቅ ትወጣለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የምትጠራው እሷ ናት?

መጣች። በሩን ዘጉት። በገዛ ቤቴ!

ሲስቅ ሰማሁት። ከታመመ ወዲህ ለኔ ስቆልኝ አያውቅም።

ሐሙስ ማታ

ጡረታ እስክወጣ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሰውን ከሰው አገናኝቼ ጆሮዬን አነሳለሁ። መስመር ላይ ማድመጥ ነውር ነው፤ ከነውሩ ተጠብቄ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ግን ፎጣ የማጥፍ መስዬ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

«ትከሻው ላይ ያዝ አድርጊው» ይላል እሱ።

«ወገቡም ያስፈልገዋል። እስቲ ክንድዎን ያንሱልኝ።»

ክንድዎን! ፎጣውን ጥዬ ገባሁ። እሷ አንድ ነገር ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የኔን ሾርባ ቀምሶ የገፋው ሰውዬ፣ እሷ የላጠችለትን ብርቱካን ግማሹን በልቶታል። ልጣጩ ሳህኑ ላይ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ፣ እንደ ጥብጣብ። ስትልጥ እንኳ አይቆረጥባትም።

ዓርብ

ብርቱካን ገዛሁ። ላጥኩለት። «በኋላ» አለ። ልጣጩም ብጥስጥስ አለብኝ።

ቅዳሜ

ልጃችን ከምትሠራበት ከተማ መጣች። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው ሥራዋ፤ አነጋገሯም እንደ ምርመራ ውጤት ደረቅ ያለ ነው። የሐኪሙን ወረቀት አንብባ ወጥ ቤት መጣችና በሩን ገፋ አደረገችው።

«እማዬ፣ ከአባዬ ጋር አውርታችኋል?»

«ቀን ከሌት ነው የምናወራው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሁሉ ነገር። ሾርባ ይሞቅልህ ወይ፣ መስኮቱ ይዘጋ ወይ...»

«እማዬ።»

«ዝናቡ ሲያባራ ይነሳል» አልኳት። ድስቱን ሳማስል ጀርባዬን ስታየኝ ታወቀኝ። ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ መንገዱ አቧራ ይሆናል። በዚህ ዝናብ።

ሰኞ

ቁም ሣጥኑን ሳስተካክል ጥቁሩ ሙሉ ልብሱ የለም። ሰው የሚያጋባበት፣ ሰው የሚቀብርበት ልብስ።

«ጥቁሩ ልብስህስ?»

«ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠሁት።»

«ሱሪውን ጭምር?»

«ያለ ሱሪ ምን ያደርግለታል?» አለና የሳቀ ለማስመሰል ሞከረ።

ልጄን ብጠይቃት፣ ትናንት እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ልብስ ሰፊዋ ጥቅል ይዛ ስትወጣ አይታለች። የወንድ ልብስ ባሏ ለሞተባት ሴት ምኗ ነው? ይሄ የመታሰቢያ ነገር ነው እንጂ! እኔ ለመታሰቢያ ምን ሰጠኝ? ከዚያ ደግሞ አፈርኩ፤ ሰው ሳይሞት ስለ መታሰቢያ ማሰቤ።

ረቡዕ

መርፌዋ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «ተኝቷል» አልኳት። ወዲያው ከውስጥ ሳሉ ተሰማ። ሰማች። እኔም ሰማሁ።

«ሲነቁ መጥታ ነበር ይበሉልኝ» አለች።

አላልኩለትም።

ዓርብ

«መጣች?» ሲል ጠየቀ።

«አልመጣችም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ መልሱ አዎና አይ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ከኔና ከልጃችን በቀር ማንም የለም፤ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ለምን እንዲህ ጭር አለብኝ?

ቅዳሜ ማታ



ዛሬ ረፋዱ ላይ ሱቋ ሄድኩ። ከጫማ ጠጋኙና ከፎቶ ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ዣንጥላዬን ሳልዘጋ «ልብሱን አምጪ» አልኳት።

ልብሱ ፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኮቱ ተፈትቷል፤ እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ። ሱሪው ወገቡ ላይ በስፒል ተይዟል። የባሌን ወገብ አየሁት። የልጅ ወገብ ነው።

«ለማን ነው የምታሳንሺው?»

«ለሳቸው ነው፣ እትዬ።»

«ሲሻለው ይወፍር የለም እንዴ? ያኔ ምን ሊለብስ ነው?»

መቀሷን አስቀመጠች። ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ሰው ሊሰናበታቸው ሲመጣ ኮቱ ውስጥ ጠፍተው እንዳይታዩ ነው። ‹ለሕዝቡስ ግድ የለም፤ ሚስቴ ግን እንደዚያ ሆኜ አትየኝ› ብለውኛል።»

«ማን ሞተና?» ብዬ ጮህኩ። ጫማ ጠጋኙ አንገቱን አስግጎ አየን።

አንድ ስፒል አነሳችና ሱሪው ላይ ሰካች። ዝም ስትል ደግሞ ከመናገሯ ይብሳል።

«እሺ ለምን አንቺ? ቤቴ መርፌ የለም? ክር ጠፍቷል?»

«ሊነግሩዎት ሞክረው ነበር፣ እትዬ? እኔ እሱን አላውቅም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ባለቤቴ ሲታመም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «ቤታችን በሰው ይጨናነቅ ነበር። ሁሉም ‹አይዞህ፣ ትድናለህ› ይለዋል። እሱም ሰው እንዳያፍር ‹እሺ› ይላል። አንድ ቀን መጋቢ መጡና አጠገቡ ቁጭ ብለው ‹ፈርተሃል ወይ?› አሉት። አለቀሰ። ያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደው። ያኔ የጠየቁትን እኔም አሁን ጠየቅኋቸው። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።»

«ምን ብሎ መለሰልሽ?»

«እሱን እሳቸውን ይጠይቁ።»

ወጣሁ። ዣንጥላውን እዚያው ትቼው ቤቴ ስደርስ ነው ያስታወስኩት።

እሑድ ጠዋት

ልጠይቀው ገባሁ። «ሾርባ ላምጣልህ?» አልኩት።

እሑድ ከሰዓት

«ትራሱን ላስተካክለው?» አልኩት።

ሰኞ ማታ

ልጃችን ፋርማሲ ሄዳ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ወንበሬን አልጋው ድረስ ሳብኩ።

«ፈርተሃል?» አልኩት።

ኮርኒሱን ሲያይ ቆየ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሚስትህ አይደለሁ? ማን ይንገረኝ?» (ዋሸሁ። ይሁን።)

«ፈርቻለሁ» አለ። «ስንቱን ሰው ውሃ ውስጥ አስገባሁ! ከመጥለቁ በፊት ሁሉም ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ ጎረምሳ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ‹አይዞህ፣ ይዤሃለሁ፤ አሁን ትወጣለህ› እላለሁ። ጌታ እንደሚይዘኝ አምናለሁ፤ ውሸት አላስተማርኩም። ግን የሚጨበጥ ክንድ ናፈቀኝ። ሥጋ ያለው ክንድ።»

«እኔን ያዘኝ።»

«አንቺ መች ዋና ትችያለሽ?» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። የኔም ተከተለው። ልጃችን መድኃኒቱን ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችንና ተመልሳ ሄደች።

ክንዴን እስኪመሽ አልለቀቀውም። እየጻፍኩ እንኳ የጣቶቹ ምልክት ይታየኛል። እጅጌዬን ወደ ታች ጎትቼ ሸፍኜዋለሁ፤ ለማንም አላሳየውም።

ረቡዕ

«በልብስ ሰፊዋ ቀንተሽ ነበር?» አለኝ፣ ከመሬት ተነስቶ።

«ማን? እኔ?»

«ሰሞኑን ሾርባው ጨው በዝቶበታል።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «በሷ ብቻ መሰለህ? በዲያቆናቱም፣ በመዘምራኑም ነው። ለቡራኬ በምታቅፋቸው ሕፃናት ሳይቀር ቀንቻለሁ። እኔኮ የደረሰኝ ከምእመናን የተረፈው ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። የደከመው መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር፤ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ሰው ቤት ስገባ ደህና ልብስ ለብሼ፣ ደህና ፊት ይዤ ነው። ተናድጄም፣ ተስፋ ቆርጬም፣ ከአምላኬ ጋር ተኳርፌም የመጣሁት አንቺ ጋ ነው። ትርፍራፊ መስሎሻል። እሱን ግን ሌላ ሰው አይቶት አያውቅም።»

አሰብኩበት። ግማሹን ተቀበልኩት። ሌላው ግማሽ ላይ አሁንም እከራከረዋለሁ፤ ግሩም ሰባኪ ነውና ሁሉንም ማመን አያስፈልግም።

ቅዳሜ

መርፌዋን እኔው ደውዬ ጠራኋት። ልብሱን ይዛ መጣች፤ ዣንጥላዬንም። እሷ ፊት ቀና ማለት አቃተኝና «ዝናቡ በረታ» አልኳት። «በረታ» አለች። ይቅርታችን ይኸው ነው።

እኔ በግራ እሷ በቀኝ ይዘን ኮቱን አለበስነው። መስታወት አመጣሁለት። አየና «ሙሽራ መሰልኩ እኮ» አለ። ከዚያ ስለ ቀብሩ ተናገረ፤ እኔም ሰማሁት፤ አላቋረጥኩትም። ረጅም ስብከት አይፈልግም። መዝሙር ይብዛ። ማይክሮፎኑ ለድምፀ መልካሞቹ ብቻ ይሰጥ፤ «እኔ ስለማልዘምር ዕድላቸው ነው» አለ።

ሊያርፍ ሲል ብርቱካን ልትልጥለት ቢላዋ አነሳች። ሳህኑን ከእጇ ተቀበልኳት። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይሆንም።

ማክሰኞ

አይበላም። ውሃ በጥጥ ከንፈሩን አስነካዋለሁ። ልጃችን ሥራ ቦታዋ ደውላ አልመጣም አለች። ወንበሮቹን ከጓዳ አወጣኋቸው። ሰው ገብቶ ይቀመጥ፤ እሱ የሰው ድምፅ ይወዳል። እኔ ግን ከራስጌው አልነሳም፤ ዲያቆን መጣ፣ ሽማግሌ መጣ፣ አልነሳም።

ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ሄደ።

ልጃችን ሻይ ልታፈላ ወጥታ ነበር። ጎንበስ ብዬ ግንባሩን ስጠርግለት ዓይኑን ገለጠና አንድ ነገር አለኝ። ከዚያ ትንፋሹ ወጣ። ሌላው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። አልመጣም።

እሑድ ማታ

ሩቅ ያለው ሰው እስኪደርስ ጠብቀን ዛሬ ቀበርነው።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግቢው ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። ከሌላ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ለእርዳታ የመጣ አስተናጋጅ የፊቱን ወንበር ስይዝ አየኝና «እማማ፣ ይሄ ለቤተሰብ ብቻ ነው» አለኝ። ልጄ ልትቆጣው ስትል እኔ ሳቅ አመለጠኝ። በዚያ ቀን! በዚያ ሰዓት! አጠገቤ የነበሩት ኀዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏቸው ደገፉኝ። ባሌ ቢኖር ኖሮ ይህን ወሬ ለሳምንት ይስቅበት ነበር።

ኮቱ ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። የማውቀው ሰውዬ ሆኖ ነው የተሰናበተኝ። መርፌዋን በዓይኔ ፈለግኋት፤ እንደ ወትሮዋ በሩ አጠገብ ናት። ዛሬ ግን መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆየች።

አንዲት ሴት ከኔ አብልጣ አለቀሰች። ማን እንደሆነች አላውቅም። ነገር ሊመጣብኝ ነበር፤ ግን ደከመኝና ተውኩት። እናቷን ቀብሮላት ይሆናል። ልጇን አጥምቆላት ይሆናል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳህን ደፍቼ ከጠበቅሁባቸው ምሽቶች አንዱን እሷ ጋ አሳልፎ ይሆናል።

ወጣቱ መጋቢ ሊሰብክ ከመውጣቱ በፊት ፊቴ በርከክ አለ። ደግ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ መጋቢ በመጨረሻ ያሉት ቃል ካለ ይንገሩኝ። ለጉባኤው ላካፍለው፤ ሕዝቡ ይጽናናበታል።»

ዞሬ ሕዝቡን አየሁት። ያጋባቸው፣ ያስታረቃቸው፣ ያሳደጋቸው። ሁሉም ፊት ወደኛ ነው፤ ሁሉም ይጠብቃል።

«ምንም አላለም» አልኩት።

«አንድ ቃል እንኳ?»

«እንቅልፍ እንደ ወሰደው ነው የሄደው።»

መድረኩ ላይ ወጥቶ አባታችን በሰላም አንቀላፉ አለ፤ ሕዝቡም «አሜን» አለ። አልተቆጣሁም። እኔም አሜን አልኩ።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ ጠየቀችኝ። እሷንም «ተኝቶ ነበር» አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ግንባሬን ስማኝ ወደ መኝታዋ ሄደች።

እዚህ ልጽፈው ብዬ ነበር። ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ ከሥር እንዳይነበብ ደግሜ ሰረዝኩት። ስብከቱን ይውሰዱ። ፎቶውን አዳራሹ ውስጥ ይስቀሉ፤ ቢፈልጉ በስሙ ይጥሩት፤ «አባታችን» ብለው ለልጅ ልጆቻቸው ያውሩለት። ያን ጠዋት ያለኝን ግን ለኔ ነው ያለኝ። ለዚህ ደብተርም ቢሆን አላካፍልም።